የማይታዘበው ጠያቂ

በሲያትል ከተማ ኮረብታ ላይ የቆመው ሃርበርቪው ሆስፒታል ሌሊትና ቀን የማይለይበት ቦታ ነበር። ከዋሽንግተን ግዛት ብቻ ሳይሆን ከአላስካ፣ ከሞንታናና ከአይዳሆ ሳይቀር ክፉኛ የተጎዱ ሰዎች ይመጡበታል፦ መኪና የተገለበጠባቸው፣ ከፎቅ የወደቁ፣ በጩቤ የተወጉ፣ በጥይት የተመቱ። ቀዶ ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የሚፈሰውን ደም ያቆማሉ፤ የተሰበረውን ያያይዛሉ፤ የተቀደደውን ይሰፋሉ። ቁስሉ ሲጠገግ ሰውየው ልብሱን ለብሶ፣ አመስግኖ ይወጣል።

ከተሸኙት መካከል ግን አንዳንዶቹ ይመለሱ ነበር። ቁስሉ ሌላ ነው፤ ሰውየው ያው፣ ትንፋሹም ያው። እግሩን የጠገኑለት ሰው በሌላ ሌሊት ጭንቅላቱ ተፈንክቶ በዚያው በር ይገባል። ሐኪሞቹ ሽታውን ያውቁታል፤ ነርሶቹም ያውቁታል። ስለ መጠጡ የሚጠይቀው ግን አልነበረም።

በዚህ ሆስፒታል የሠራው ቀዶ ሐኪም ላሪ ጄንቲሌሎ እንዲህ ያለው ዝምታ አልዋጥለት አለ። በ1988 (በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከባድ ጉዳት ጠጪን ሰው ወደ ሕክምና ለማምጣት በሌላ ጊዜ የማይገኝ አጋጣሚ ነው ሲል ተከራከረ። ከአምስት ዓመት በኋላ የጉዳት ተመራማሪው ፍሬድሪክ ሪቫራና ባልደረቦቹ ነገሩን በቁጥር አስደገፉት። ሰክረው ሆስፒታል የገቡ ቁስለኞች ሳይሰክሩ ከገቡት ይልቅ በሌላ ጉዳት የመመለስ ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሆስፒታሉ ቁስሉን እያከመ የቁስሉን ምንጭ ሳይነካ ይሸኝ ነበር ማለት ነው።

ይህ ከታወቀ በኋላ ከባዱ ጥያቄ መጣ። አልጋ ላይ የተጋደመ፣ እግሩ በጀሶ የታሰረ ሰው ስለ መጠጡ ቢጠየቅ እውነቱን ይናገራል? ቢናገርስ፣ ማን ምን ብሎ ቢያናግረው ልብ ይላል? የመልሱ አንድ ቁራጭ ከሠላሳ ዓመት በፊት በሌላ ከተማ ተገኝቶ፣ ተረስቶ ተቀምጦ ነበር።

ከተማዋ ቦስተን ናት። በዚያ ባለው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሞሪስ ቻፌትዝ የገጠመው ችግር ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሆስፒታሉ ለጠጪዎች የተዘጋጀ ክሊኒክ ነበረው። ድንገተኛ ክፍሉም በጠጪዎች ይጨናነቅ ነበር። ከድንገተኛው ክፍል ወደ ክሊኒኩ የሚሻገር ሰው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱ ለሁሉም የታወቀ ይመስል ነበር፤ «ሰካራም መዳን አይፈልግም» ይባላል።

ቻፌትዝ ይህን አባባል ከመቀበሉ በፊት ሊፈትነው ወደደ። ለአንዱ ቡድን የተለመደው አሠራር ቀጠለ። ለሌላው ቡድን ግን ሕመምተኛው ገና ድንገተኛ ክፍል ሳለ አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪምና አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቀርበው በአክብሮት እንዲያናግሩት አደረገ። ያስጨነቀው ማደሪያ ከሆነ ስለ ማደሪያው፣ ረሃብ ከሆነ ስለሚበላው ይሰሙትና ይረዱት ነበር። ውጤቱ በ1962 ታተመ። በተለመደው አሠራር ካለፉት መቶ ሰዎች ወደ ክሊኒኩ የመጡት 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በአክብሮት ከተስተናገዱት መቶ ውስጥ 65ቱ መጡ። መዳን የማይፈልግ ይባል የነበረው ሰው በጨዋ ደንብ ሲያናግሩት በእግሩ ሄዶ በሩን አንኳኳ።

ምን ተገኝቶ ነው ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው? ቻፌትዝና አብረውት የሠሩት ተመራማሪዎች ምስጢሩን ፍለጋ እንግዳ የሆነ ሙከራ አደረጉ። የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞችን ከጠጪዎች ጋር ስላላቸው ተሞክሮ እየጠየቁ ድምፃቸውን በቴፕ ቀዱ። ከዚያም ቅጂውን በማጣሪያ አሳለፉት። ቃላቱ ጠፉ፤ የድምፁ ቃና ብቻ ቀረ። አድማጮች ምን እንደተባለ ሳይሰሙ ቃናውን ብቻ እያዳመጡ ቁጣ አለበት ወይስ የለበትም ብለው ፈረዱ። በ1967 የታተመው ውጤት እንዲህ የሚል ነበር፦ በድምፁ ውስጥ ቁጣ በርትቶ የተሰማበት ሐኪም፣ ወደ ክሊኒኩ ሂዱ ያላቸው ጠጪዎች ሳይሄዱ የመቅረታቸው ነገር ጎልቶ ታየ።

የተጠኑት ሐኪሞች ዘጠኝ ብቻ ስለነበሩ በዚህ ብቻ ትልቅ ድምዳሜ ላይ መድረስ አይቻልም ነበር። ቢሆንም ፍንጩ ከባድ ነው። ሕመምተኛው ከምክሩ ይልቅ ከምክሩ ሥር ያለውን ስሜት ይሰማ ነበር። ያን ስሜት ደግሞ ሐኪሙ ራሱ ላያውቀው ይችላል። ታዲያ ቁጣ የሌለበት ድምፅ ከየት ይገኛል?

ሁለተኛው ቁራጭ የተገኘው ከአንድ ወጣት አላዋቂነት ነው። በ1973 ዊልያም ሚለር የተባለ የሥነ ልቦና ተማሪ ሚልዋኪ ውስጥ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ለልምምድ ተመደበ። ስለ መጠጥ ሱስ የተማረው ነገር አልነበረም። የማያውቀውን ከባለቤቶቹ መማር ይሻላል ብሎ ከሕመምተኞቹ ጋር ተቀምጦ ሕይወታቸውን እንዲያጫውቱት ጠየቀ፤ አጫወቱትም። ወደዳቸው፤ እነርሱም የወደዱት ይመስላል። ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱን ሲያነብ ግራ ተጋባ። መጻሕፍቱ ጠጪ ይዋሻል፣ ይክዳል፣ ክህደቱም ፊት ለፊት ተጋፍጠው ካልሰበሩት አይድንም ይላሉ። እርሱ ያያቸው ሰዎች ግን እንዲህ አልነበሩም።

ሚለር ተመራማሪ ሆኖ የራሱን ሕክምና መፈተን ሲጀምር የጠበቀው ነገር አልሆነለትም። የምክር ሕክምና የሚያገኙትን ጠጪዎች ለማነጻጸር፣ ሌሎቹን አንድ ራስን ማገዣ መጽሐፍ ብቻ ሰጥቶ በርቱ ብሎ ወደ ቤታቸው ሸኛቸው። መጽሐፍ ይዘው የሄዱት በባለሙያ ከተመከሩት ጋር እኩል መጠጣቸውን ቀነሱ። ለአንድ ጀማሪ ባለሙያ ከዚህ የባሰ ውርደት አይኖርም። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን በመሳቢያ ቆልፎበት ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር።

ሚለር ግን ቁጥሩን እንደገና ተነተነው፤ በዚህ ጊዜ ያየው ሕክምናውን ሳይሆን መካሪዎቹን ነው። ዘጠኝ አማካሪዎች ነበሩ። ሁሉም የሠለጠኑት በአንድ ዘዴ ነው። የደንበኞቻቸው ዕድል ግን ሰማይና ምድር ሆነ። በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከስድስት ወር በኋላ በደንበኞቹ መካከል ከታየው ልዩነት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚያስረዳው አንድ ነገር መሆኑን አሳየ፦ አማካሪው የሰውን ስሜት ተረድቶ የማዳመጥ ችሎታው። በዚህ ረገድ ደካማ የሆኑት አማካሪዎች ያከሟቸው ሰዎች መጽሐፍ ብቻ ተሰጥቷቸው ቤታቸው ከተቀመጡት የባሰ ውጤት አመጡ። አንዳንድ መካሪ ከመጽሐፍ ያንስ ነበር። ይህችን ዐረፍተ ነገር አንባቢ በልቡ ይያዛት፤ ወደ ፊት ታስፈልገናለች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሚለር ለእረፍት ጥናት ወደ ኖርዌይ ሄደ። በበርገን ከተማ አጠገብ ባለ ክሊኒክ ከወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጋር እየተገናኘ ሥራውን ያሳያቸው ነበር። እነርሱ ሕመምተኛ መስለው ይተውናሉ፤ እርሱ ያናግራል። ወጣቶቹ ግን ዝም ብለው የሚያዩ አልነበሩም። በየመሀሉ እያቋረጡ፣ ለምን ይህን ጠየቅክ፣ ለምን ያንን ተውክ፣ ከተናገረው ሁሉ መርጠህ ይህን ቃል ብቻ ለምን መለስክለት እያሉ ያፋጥጡታል። ሚለር ሳያውቀው የሚያደርገውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በቃል ለማስረዳት ተገደደ። ለመለወጥ የሚያበቃውን ምክንያት እርሱ አይናገርም ነበር፤ ሕመምተኛው ራሱ እንዲናገረው መንገዱን ያበጅለታል እንጂ። ይህን በጽሑፍ አሰፈረው፤ በ1983ም ታተመ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የማነሣሻ ቃለ ምልልስ የተባለው የምክር ዘዴ የተወለደው ከእነዚያ ጨቅጫቃ ወጣቶች ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ቁራጭ ሐኪምም አማካሪም አልነበረም። በ1960ዎቹ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ዋርነር ስላክ ኮምፒውተር የሕመምተኛን ታሪክ ራሱ ቢጠይቅስ ብሎ አሰበ። ጥያቄው በስክሪን ላይ ይወጣል፤ ሕመምተኛው ቁልፍ እየተጫነ ይመልሳል። በ1966 ሥራው ሲታተም ሐሳቡ ለብዙዎች ቀዝቃዛና ሰውነት የጎደለው መስሎ ነበር። የታመመ ሰው ለብረት ገመናውን ይነግራል እንዴ?

መልሱ ከወደ ስኮትላንድ መጣ። በግላስጎው ተመራማሪዎች ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ሕመም ያለባቸውን 36 ወንዶች ስንት እንደሚጠጡ ሁለት ጊዜ አስጠየቋቸው፤ በሥነ አእምሮ ሐኪሞችና በኮምፒውተር። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የሚጠጡትም ያው ነው። በ1977 በታተመው ጥናት ግን ለኮምፒውተሩ የተናገሩት መጠን ለሐኪሞቹ ከነገሯቸው በ30 ከመቶ ያህል በለጠ።

በይሉኝታ ላደገ ሰው ይህ ብዙ የሚያስገርም አይደለም። ሐኪሙ የተማረ ነው፤ ፊቱ ይነበባል፤ ቅንድቡ ከፍ ሲል ያስደነግጣል። ስለዚህ አምስቱ ሦስት ይሆናል፤ በየቀኑ የነበረው «አንዳንዴ» ይባላል። ማሽኑ ግን አይቸኩልም፤ ፊቱን አያጨፈግግም፤ ነገ መንገድ ላይ አግኝቶ አያሳፍርም። ማሽን አይታዘብም። ቦስተን ላይ የተፈለገው ቁጣ የሌለበት ድምፅ ድምፅ ከሌለው ነገር ተገኘ ማለት ነው። ሆኖም መስማት አንድ ነገር ነው፤ መለወጥ ሌላ። በዚያን ጊዜ የግላስጎውን ማሽን ከሲያትል ቁስለኞች ጋር ያገናኘ ሰው አልነበረም።

ጄንቲሌሎና ባልደረቦቹ በጥቅምት 1994 ትልቁን ሙከራቸውን ጀመሩ። በሃርበርቪው አልጋ ከያዙ ጉዳተኞች 2,524ቱን በደም ምርመራና በአጭር መጠይቅ ፈተሹ። ከእነርሱ 1,153ቱ፣ ማለትም ወደ ግማሽ የሚጠጉት፣ የመጠጥ ችግር ምልክት ታየባቸው። ከእነዚህ ፈቃደኛ የሆኑት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 366ቱን የሥነ ልቦና ባለሙያ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ለግማሽ ሰዓት ያህል አነጋገራቸው። አነጋገሩም የሚለር ዘዴ ነበር፤ ስብከት የለበትም፣ ማስፈራራት የለበትም። ከወር በኋላ አንድ ደብዳቤ ተላከላቸው። የቀሩት 396ቱ የተለመደው ሕክምና ብቻ ተሰጣቸው። ያ ብቻ ነበር፤ ግማሽ ሰዓትና አንድ ደብዳቤ። ሥር የሰደደ ልማድን ይህን በሚያህል ነገር መንካት ለብዙዎች የማይታመን ነበር።

ተመራማሪዎቹ ዓመት ጠበቁ። ከዚያም የተነጋገሩት ሰዎች በአማካይ በሳምንት ወደ 22 መጠጥ እንደቀነሱ አዩ። ያልተነጋገሩትም ቀንሰው ነበር፤ ግን ወደ 7 ብቻ። በተደረገው ክትትል የተነጋገሩት በአዲስ ጉዳት ወደ ድንገተኛ ክፍል ወይም ወደ ሆስፒታል መመለሳቸው በ47 ከመቶ አነሰ። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በስታቲስቲክስ ጥብቅ ሚዛን ድንበሩ ላይ የቆመ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ሊገኙ ያልቻሉ ሰዎችም ብዙ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ይህን አልደበቁም። ደግሞም ጥቅሙ ይበልጥ የታየው ችግራቸው ቀላልና መካከለኛ በሆነው ላይ ነው። ሱሱ ክፉኛ ለጸናበት ሰው የግማሽ ሰዓት ንግግር በቂ መድኃኒት አልነበረም። ያም ሆኖ ጥናቱ በ1999 ሲታተም የቀዶ ሐኪሞችን ዓለም አነቃነቀ።

ደስታው ብዙ ሳይቆይ ግን ሁለት ግድግዳ ቆመ። አንደኛው ሕግ ነበር። በ1947 በአሜሪካ ለየግዛቱ የተዘጋጀ አንድ የኢንሹራንስ ሞዴል ሕግ፣ ሰውየው ሲጎዳ ሰክሮ ከነበረ ኢንሹራንሱ የሕክምናውን ወጪ አልከፍልም እንዲል ይፈቅድለት ነበር። ብዙ ግዛቶችም ተቀብለውት ነበር። ስለዚህ ሐኪም የደም አልኮል ቢለካ ሕመምተኛው ባለዕዳ፣ ሆስፒታሉም ከሳሪ ሊሆን ይችል ነበር። አለመጠየቅ ደግነት ሆኖ ታየ! እንደ ዕውነቱ ከሆነ በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ የሚያሳዝን ነገር የለም፤ ለማዳን የሚያበቃውን ጥያቄ ዝም ያሰኘው የሒሳብ ደረሰኝ ነው። በ2001 የግዛቶቹ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር አቋሙን ቢለውጥም ሕጉ ከግዛቶች መዝገብ ይወጣ የነበረው አዝጋሚ በሆነ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ግድግዳ የሰው እጅ ማነስ ነበር። በ2005 ጄንቲሌሎና ባልደረቦቹ ለዚህ ምርመራና ምክር የሚወጣ እያንዳንዱ ዶላር 3.81 ዶላር የሕክምና ወጪ እንደሚያድን አሰሉ። በ2006 የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው የጉዳት ማዕከላት ጠጪዎችን እንዲለዩ፣ አንደኛ ደረጃ የሆኑት ደግሞ ምክሩን እንዲሰጡ ግዴታ አደረገ። ትእዛዙ ወጣ። ግን ሌሊት በ9 ሰዓት በተጨናነቀ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ቁስለኛ በአንዴ የሚጠብቃት ነርስ በምን ጊዜዋ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላ ታዳምጥ? በምን ትዕግሥቷስ ድምፅዋን ከቁጣ ትጠብቅ?

የግላስጎው ማሽን የሚያስፈልገው እንዲህ ላለ ሰዓት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ልብ የሚያሞቁ አልነበሩም። ሚሺገን ውስጥ ተመራማሪዎች ቀላል ጉዳት ደርሶባቸው ድንገተኛ ክፍል ለመጡ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 18 ለሆነ 655 ወጣቶች በላፕቶፕ የሚሠራ ፕሮግራም አዘጋጅተው ነበር። ውጤቱ በ2005 ታተመ። ፕሮግራሙን ባገኙትና ባላገኙት መካከል በጠቅላላው ልዩነት አልታየም። በሰው የሚሰጠው ምክርም ቢሆን ተደናቀፈ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሎዛን ላይ 987 ጉዳተኞችን በሦስት ቡድን የከፈለው ጥናት በ2007 ሲወጣ፣ የተመከሩትም፣ በጥልቀት የተጠየቁትም፣ በአጭሩ ብቻ የተፈተሹትም አንድ ዓይነት ውጤት አሳዩ፤ ከየቡድኑ አንድ ሦስተኛ ያህሉ መጠጡን ወደ ዝቅተኛ አደጋ አወረደ። ቁስሉ ራሱ መካሪ ሆኖ ይሆን? ወይስ መጠየቅ ብቻውን ይበቃ ነበር? የሲያትል ተስፋ ሊከስም የተቃረበ መሰለ።

በርሊን ግን ለየት ያለ ነገር አይታ ነበር። የሻሪቴ ሆስፒታል ሐኪሞች ቲም ኖይማን፣ ክላውዲያ ሽፒስና ባልደረቦቻቸው ወደ ድንገተኛ ክፍል ለመጡ፣ ሕይወታቸው ለአደጋ ላልተጋለጠ ቁስለኞች ላፕቶፕ አቀረቡ። 3,026 ሰዎች ተፈተሹ። ማሽኑ የጠየቃቸው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን አሥር ጥያቄ ነው፦ በምን ያህል ጊዜ ትጠጣለህ፣ ስትጠጣ ስንት ትጠጣለህ፣ ከጀመርክ ማቆም ያቃተህ ጊዜ አለ፣ በመጠጥህ ምክንያት አንተ ወይም ሌላ ሰው ተጎድቷል፣ እያለ ይቀጥላል። መጠይቁ የተሠራው በስድስት አገሮች በተደረገ ጥናት ላይ ሲሆን ከአፍሪካ ኬንያ ነበረችበት።

እዚህ ላይ «አንድ መጠጥ» የሚባለው ልክ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ 10 ግራም ንጹሕ አልኮልን እንደ አንድ መጠጥ ይቆጥራል፤ አሜሪካውያን 14 ግራም ይላሉ። 5 ከመቶ አልኮል ያለው የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ ወደ 13 ግራም ይይዛል። ለእኛ አገር ሰው ስሌቱ ይከብዳል፤ ቢራው በጠርሙስ ይቆጠራል፣ ጠላው በጣሳ፣ ጠጁ በብርሌ፣ አረቄው በመለኪያ፤ የየቤቱ ጥንካሬ ደግሞ ይለያያል። ወደ አማርኛ የሚመጣ ማሽን ይህን ሁሉ ማወቅ ይኖርበታል።

በበርሊን ከተፈተሹት 1,139ኙ ነጥባቸው 5ና ከዚያ በላይ ሆኖ ጥናቱ ውስጥ ገቡ። ዕጣ ተጣለ። ለግማሾቹ ኮምፒውተሩ ከራሳቸው መልስ ተነሥቶ የተዘጋጀ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማ ምክር አወጣላቸው። መጠጥ አበዛህ የሚል ተግሣጽ አልነበረውም፤ የነገርከኝ ይህን ነው፣ ትርጉሙ ይህ ነው፣ ማድረግ የምትችለው ይህ ነው የሚል ነበር። ሌሎቹ ይህ ምክር አልደረሳቸውም። ከስድስት ወር በኋላ አደገኛ በሆነ መጠን የሚጠጡት ምክሩን ካገኙት መካከል 21.7 ከመቶ፣ ካላገኙት መካከል 30.4 ከመቶ ሆኑ። ዓመት ሲሞላም የመጠጥ መጠናቸውን ይበልጥ የቀነሱት ምክሩን ያገኙት ነበሩ። ምክሩን የሰጣቸው ሐኪም አልነበረም፤ መካሪ አጠገባቸው አልተቀመጠም። የራሳቸው ቃል ተመልሶ መጣላቸው እንጂ።

አንዳንድ መካሪ ከመጽሐፍ ያንስ ነበር ያልነውን አንባቢ ያስታውስ። በርሊን ላይ የታየው የዚያ ተቃራኒ ገጽታ ነው። በቂ ጊዜና ትዕግሥት ያለው ጥሩ አድማጭ ከማሽን ይሻላል፤ ይህን የሚክድ የለም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግን ምርጫው በጥሩ አድማጭና በማሽን መካከል አልነበረም። በማሽንና በዝምታ መካከል ነበር።

በካሊፎርኒያ ኧርቫይን የነበሩ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞች፣ ሻህራም ሎትፊፑር፣ ፌዴሪኮ ቫካና ባልደረቦቻቸው፣ ሐሳቡን አንድ እርምጃ አራመዱት። የሆስፒታላቸው ሕመምተኞች ብዙዎቹ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ነበሩ። መካሪ ቢገኝ እንኳ ቋንቋቸውን የሚያውቅ መካሪ ሁልጊዜ አይገኝም ነበር። እነርሱም በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ የሚጠይቅና የሚመክር ፕሮግራም ሠሩ። ቫካ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ከተዛወረ በኋላ የተስፋፋው ጥናት በ2023 ታተመ። በድንገተኛ ክፍል የተገኙ 840 ላቲኖ ጠጪዎች፣ ቁስለኛውም ሌላውም ሕመምተኛ፣ የተካተቱበት ነበር። ዓመት ሲሞላ በአንድ ጊዜ አብዝተው የጠጡባቸው አጋጣሚዎች በ28 ቀን ውስጥ ፕሮግራሙን በታብሌት ባገኙት 3.2፣ የተለመደውን ሕክምና ባገኙት 4.0 ሆኑ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ተአምር የለበትም። ነገር ግን የተገኘው ያለ ተጨማሪ ሠራተኛ፣ በሕመምተኛው ቋንቋ፣ በድንገተኛ ክፍል ጥበቃ ጊዜ ውስጥ ነው።

ሐሳቡ ወደ እኛም አካባቢ ደርሷል። በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ፣ በኪሊማንጃሮ ክርስቲያን ሕክምና ማዕከል፣ ከአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለቁስለኞች የሚሆን አጭር ምክር በስዋሂሊ አዘጋጁ። ስሙን «ለጤናህ ስትል መጠጥ ቀንስ» አሉት። የሚያናግሩት ነርሶች ናቸው፤ ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ የሚያስታውሰው ደግሞ በስልኩ የሚደርሰው አጭር መልእክት ነው። የሰው ጆሮና የማሽን ትዕግሥት ተከፋፍለው ሠሩ።

በድንገተኛ ክፍል የምትሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች ታብሌት እስኪገዛ መጠበቅ የለባችሁም። አሥሩ ጥያቄዎች በወረቀት ይሠራሉ፤ ክፍያም አይጠየቅባቸውም። ጠይቁ፤ ስትጠይቁም እንደማትታዘቡ ድምፃችሁ ይናገር። ቁስለኛ የምትጠይቁ ቤተ ዘመዶችም አልጋው ሥር ቆማችሁ «አልነገርንህም ነበር?» የምትሉትን ቃል ለዚያች ሰዓት አቆዩት፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የሚያዳምጠው ሰው ነው። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ግን ልቡ ተነክቶ ላቁም ሲል ብቻውን በድንገት እንዳያቆም ንገሩት። ድንገተኛ ማቆም መንቀጥቀጥ፣ ቅዠትና የሚጥል ሕመም ሊያመጣ፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።